ነቢይትን ያስጠየቀው ታሪክ

ልብስ ሰፊዋ ታሪክ የምትጽፈው የደንበኛ ልክ በምትመዘግብበት ደብተር ጀርባ ነው። ከፊት ወገብና ደረት፣ ከኋላ ፍቅርና ክህደት። ከሰዓት በኋላ የስፌት መኪናዎቹ አርፈው የእጅ ሥራ ሲጀመር ጮክ ብላ ታነባለች፤ ሴቶቹም እየሠሩ ያዳምጣሉ።

ችግሩ የባሏ እህት ናት። የልብስ ቁልፍ ተካይ ስትሆን ሴቶቹ «ነቢይት» ይሏታል። ታሪኩ ገና ሳይሞቅ፣ ክር በጥርሷ እየበጠሰች መጨረሻውን ትናገራለች። «ልጁ ወንድሟ ነው» ትላለች። ወንድሟ ሆኖ ይገኛል። «ሀብታሙ ይከስራል።» ይከስራል።

ባለፈው ሰኞማ ለየላት። «አንቺ፣ የማውቀውን ከምታነቢልኝ ሬዲዮ ይከፈት» አለች።

የልብስ ሰፊዋ ፊት በርበሬ መሰለ። «አንድ ዕድል ስጡኝ። ይህንንም ካወቅሽው ደብተሩ ለልክ ብቻ ይሆናል። ሁለተኛ አልጽፍም።»

ከዚያም፣ ከሃያ ዓመት በፊት ጥሏት የጠፋ ባል የሚስቱን በር ሲያንኳኳ አነበበችና እዚያው ላይ አቆመች። ቀጥላ ተንኮል ሠራች፤ መጨረሻውን እነሱኑ ጠየቀቻቸው።

«አልቅሳ ይቅር ትለዋለች» አለች ልብስ ተኳሿ።

«በሩን ትዘጋበታለች» አለች ዘምዛሚዋ።

ነቢይት ክሯን በጠሰች። «ታሞ ነው የመጣው። እጇ ላይ ይሞታል።»

ልብስ ሰፊዋ ሦስቱንም ጽፋ ሦስቱንም ሰረዘች። የመጀመሪያውን እሷም አስባው ነበር።

ሦስት ቀን ተብሰለሰለች። የግራ እጅጌ በቀኝ በኩል ሰፍታ ስትፈታ ነገሩ ገባት፤ ስለ ባልየው ስትጨነቅ የታሪኩን ሴትዮ ረስታታለች። ሴትዮዋ እኮ ሃያ ዓመት ሙሉ በር በሩን ስታይ አልኖረችም። ልጆች በስፌት አሳድጋለች። ባልየው ባንኳኳበት ዕለት ደግሞ ትምህርት ቤት ሊከፈት ሁለት ቀን ቀርቶታል፤ ዩኒፎርሙ ተቆልሏል።

ሐሙስ አነበበች። ሴትዮዋ ስፒል በከንፈሯ እንደያዘች፣ ቀና ሳትል፣ «ተራዎን ይጠብቁ» አለችው። ባልየውም ኮቱን ጭኑ ላይ አጣጥፎ ዩኒፎርም ከሚጠብቁት እናቶች ኋላ ተቀመጠ።

ካውያው እንኳ ቆመ። ነቢይት ክሩን በጥርሷ እንደያዘች ቀረች።

«ከፊቱ ስንት ሰው አለ?» አለች በመጨረሻ።

«አሥራ አንድ።»

«ተራው ሲደርስ ታውቀዋለች?»

«አንቺ ንገሪኛ።»

ነቢይት ክሩን ከጥርሷ አወጣች። «እኔ ምን አውቄ» አለች፣ ወንበሯን ወደ ልብስ ሰፊዋ እያስጠጋች።