አንድ ሚሊዮን ሃያ ሁለት ሺህ አንድ መቶ አሥራ ሰባት

ትናንት 1,022,117 ብዬ ሰሌዳው ላይ ጽፌ ዞር ሳልል፣ አንዱ ተማሪዬ ከዴስኩ ሥር ስልኩን ነካ ነካ አድርጎ መልሱን ነገረኝ፤ እኔ ግን ጠመኔው ጣቴ ላይ እንዳለ ሐሳቤ ስምንተኛ ክፍል ገባ፣ መንግሥት በተለወጠ በጥቂት ዓመቱ።

የቦንጋ ዝናብ መቼም የታወቀ ነው። ያኔ ክፍላችን ኮርኒስ ስላልነበረው ዝናቡ ቆርቆሮውን መውቃት ሲጀምር የመምህር ድምፅ ከፊተኛው ዴስክ አያልፍም። ከጎጃም ተመድበው የመጡት የሒሳብ መምህራችን ቲቸር አዳነ ታዲያ እንደ ሌሎቹ በከንቱ አይጮኹም፤ አንድ ትልቅ ቁጥር ሰሌዳው ላይ ጽፈው፣ እጃቸውን አጣጥፈው ይቀመጣሉ፤ እስኪያባራ መታገል የእኛ ፋንታ ነው።

ይህን ቁጥር የጻፉ ዕለት ግን ዋጫ ከተማ ለሚደረገው የሒሳብ ውድድር አንድ ቦታ ቀርቶ ነበር። ቁጥሩ ፕራይም መሆን አለመሆኑን፣ ማለትም ከአንድና ከራሱ በቀር ያለ ቀሪ የሚያካፍለው መኖር አለመኖሩን፣ እስከ ዓርብ ለይቶ ያሳየ ይሄዳል ተባለ። ከዚያ በፊት ሴት ልጅ ሄዳ አታውቅም፤ እኔ ደግሞ እሄዳለሁ ብያለሁ፣ አበቃ!

ግድግዳው ላይ ቲቸር በእጃቸው የጻፉት የፕራይም ቁጥሮች ዝርዝር ተለጥፎ ነበር፤ ከ2 እስከ 997፣ መቶ ስድሳ ስምንት ናቸው። ገልብጬ ቤት ወሰድኩና አንድ በአንድ አካፈልኩባቸው። በ7 ሳካፍል አምስት ተረፈ፣ በሌሎቹም እንዲሁ አንድ ነገር ይተርፋል። እናቴ ጎመን እየቀነጠሰች "ልጄ፣ ይሄ ቁጥር ምን አደረገሽ?" እስክትለኝ ድረስ ደብተሬን ጨርሼ የወንድሜን ከጀርባው ጀመርኩበት። በመጨረሻው በ997 አካፍዬ 192 ሲተርፍ እልል አልኩ።

ዓርብ ዕለት ብድግ ብዬ "ቲቸር፣ ፕራይም ነው!" አልኩ። ቲቸር ደብተሮቹን ገጽ በገጽ አገላበጡና "የት ላይ አቆምሽ?" አሉኝ።

"ዝርዝሩ ያለቀበት።"

"ዝርዝሩ ያለቀው ወረቀቱ ስላለቀ ነው። ሺህ በሺህ ሲባዛ ስንት ነው? ያንቺ ቁጥር ከዚያ አያልፍም? ታዲያ ከሺህ በላይ የሆነ አካፋይ ቢኖረውስ?"

ክፍሉ በሳቅ አውካካ፣ እኔ ጆሮዬ ድረስ ጋልኩ፤ ይባስ ብሎ ዝናቡ መጣ። ቲቸር እንደ ልማዳቸው ሄደው ተቀመጡ። እኔ ግን አልተቀመጥኩም፤ እንባዬን በእጅጌዬ ጠርጌ ጠመኔውን አነሳሁ። 1001ን፣ 1003ን፣ 1007ን ራሳቸው ፕራይም እንዳልሆኑ አጣርቼ ጣልኳቸውና 1009 ላይ ደረስኩ። አካፈልኩ፤ 1013፣ ቀሪ ዜሮ። ብጮህ የሚሰማኝ የለም። ቲቸር ግን ከወንበራቸው ተነሱ፤ በዝናብ ሰዓት ሲነሱ ያን ቀን ብቻ ነው ያየሁት። ዋጫ ሄድኩ።

እሳቸው ወደ አገራቸው ከተዛወሩ በኋላ ወሬያቸውን እንኳ አልሰማሁም። እንደሳቸው የሒሳብ መምህር መሆኔን ሳልነግራቸው መቅረቴ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

የልጁን ስልክ ተቀብዬ ጠመኔውን ሰጠሁት።

"ቲቸር፣ መልሱን እኮ ነገርኩሽ!"

"መልሱን ማን ጠየቀህ? አካፍል።"

እጄን አጣጥፌ ተቀመጥኩ። ክፍሉ አሁን ኮርኒስ አለው፤ ዝናቡ በመስኮት ሲወርድ ይታያል፣ ድምፁ ግን አይሰማም።