የስኳር ከተማዋ ምሳ

ሞጣ እንግሊዝኛ አስተምር በነበረበት ጊዜ ለሦስት ወር ሥልጠና እንግሊዞች ወደሚገዟት ስዋዚላንድ ተላክሁ። የብቸና ልጅ ነኝ፤ እስከዚያ ድረስ ከአዲስ አበባ አልፌ አላውቅም። የምሄድበትን አገር ስም ከዘመዶቼ አንዱም አስተካክሎ ሊጠራው አልቻለም። አማቴ፣ ሞጣ ላይ የታወቁ ግራዝማች፣ የራሳቸውን ጥቁር ኮት አልብሰው፣ "ማንም ፊት አንገትህን እንዳትደፋ" ብለው ሸኙኝ።

በሥልጠናው ላይ አጠገቤ የተቀመጠው አንድ የአገሩ መምህር ነበር። ረጅም፣ ከሲታ፣ ቃል እየመረጠ የሚናገር ሰው ነው። ከኢትዮጵያ መምጣቴን ስነግረው እጄን በሁለት እጁ ይዞ ቆየ።

"ለተማሪዎቼ ስለ አገርህ ሁልጊዜ እነግራቸዋለሁ" አለኝ። "አንዳንዶቹ ከራሴ የፈጠርኩት ይመስላቸዋል። እባክህ አንድ ቀን መጥተህ ይዩህ።"

አንድ ቅዳሜ በአውቶቡስ ወደሚያስተምርባት ከተማ ወሰደኝ። ቆላ ናት። መንገዱ ከተራራው ከወረደ በኋላ ዓይን እስከሚደርስበት ድረስ ያለው ሸንኮራ አገዳ ብቻ ነው። አገዳው ከመቆረጡ በፊት ቅጠሉን ለማስወገድ ያቃጥሉታል፤ ጥቁር ብናኙ በተሰጣ ልብስና በሰው ፀጉር ላይ ሲወርድ ይውላል። ከእርሻው የሚመለሱት ቆራጮች ፊታቸው ጥላሸት ብቻ ነበር። አየሩ የተቃጠለ ስኳር ይሸታል፤ መጀመሪያ ደስ ይላል፣ ቆይቶ ያቅለሸልሻል። የስኳር ፋብሪካው ነጮች የሚኖሩት ጉብታው ላይ፣ ሣሩ በጎማ ውሃ በሚጠጣበት ግቢ ነው። ሠራተኞቹ ከታች፣ ፋብሪካው ሥር በረድፍ በተሠሩ ባለ ሁለት ክፍል ቤቶች ታጭቀዋል። የጓደኛዬም ቤት ከእነሱ መካከል ነበር።

ከሰዓት በኋላ ተማሪዎቹን ሰብስቦ አቀረበኝ። ስለ ዓባይ፣ ስለ ቤተ ክርስቲያኖቻችን፣ ስለ ጃንሆይ አወራሁላቸው። አንዲት ልጅ ተነሥታ "እናንተ አገር ጥቁር ሰው በፊት ለፊት በር ይገባል?" ብላ ጠየቀችኝ። "በፈለገው በር ይገባል" አልኳት። ልጆቹ አጨበጨቡ። ጓደኛዬ ከኋላ ግድግዳ ተደግፎ፣ እሱ ራሱ የተመሰገነ ይመስል አንገቱን ሰበር አድርጎ ፈገግ አለ።

እሁድ ጠዋት ያለቻቸውን አንዲት ዶሮ ለእኔ አረዱ። ሚስቱ ምሳውን እስክታደርስ ፋብሪካውን ሊያሳየኝ ወጣን። በሩ ላይ አንድ ፀጉሩ የሸበተ ነጭ መሐንዲስ አገኘን። ከየት እንደመጣሁ ጓደኛዬ ሲነግረው ሰውዬው ፊቱ በራ።

"ጣሊያንን ስናስወጣ አገራችሁ ነበርኩ! በበቅሎ ስንቱን ገደል ወርጃለሁ መሰለህ። ዛሬ ምሳ ከእኔ ጋር ነህ።"

ጉብታው ላይ ወዳለው የነጮች ክለብ ይዞን ወጣ። በሩ ጋ ስንደርስ ጓደኛዬን ዞር ብሎ ሳያየው፣ በጣቱ ወደ አንድ ዛፍ ጠቆመና "አንተ እዚያ ጠብቅ" አለው። ጓደኛዬን አየሁት። እሱም አየኝ። ከዚያ "ግባ፣ እጠብቅሃለሁ" አለኝ በለሆሳስ።

እምቢ ማለት እንደነበረብኝ ዛሬ የገባኝ ነገር አይደለም፤ ያኔም አውቀው ነበር። ግን ምሳውን ፈለግሁት፤ ከምሳው ይልቅ ደግሞ መጋበዙን። ገባሁ።

ነጭ ጨርቅ የለበሰ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጡኝ። ሾርባ መጣ፣ ሥጋ መጣ። መሐንዲሱ ለወዳጆቹ እየዞረ ያሳየኝ ጀመር። አንዲት ሴት "አፍንጫውን እዩት፣ እንደኛዎቹ ጥቁሮች እኮ አይደለም" አለች። ሁሉም አፍንጫዬን አዩ።

"እነዚህ ሌላ ዘር ናቸው" አለ መሐንዲሱ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ፣ "አይደለም እንዴ?" አለኝ።

ማንካዬን አስቀመጥኩ። "ልክ ነው። እኛ እንደ እነሱ አይደለንም" አልኩ፣ ለተማሪ እንደሚነበብ ቃል ጥርት አድርጌ። መስኮቱ ክፍት ነበር። ዛፉ ከመስኮቱ አሥር እርምጃ አይርቅም።

ስወጣ ጥላው ከላዩ ሸሽቶ፣ ፀሐይ ላይ ቆሞ አገኘሁት።

"ምሳው ጥሩ ነበር?" አለኝ።

"ደህና ነበር።"

ቤት ስንደርስ ሚስቱ የዶሮዋን ምርጥ ምርጡን ከፊቴ አቀረበች። መጉረስ አቃተኝ። "ጠግቤያለሁ" አልኩ። ባሏን አየችው፤ በቋንቋቸው አንድ አጭር ነገር ነገራት። ሳህኑን አነሣችና ወደ ጓዳ ገባች፤ እስክሄድ ድረስ አልወጣችም።

አውቶቡስ መሳፈሪያው ጋ ስንጠብቅ "ሥልጠናው አልቆ ስመለስ ልጆቹ ስለ አንተ ይጠይቁኛል" አለ።

"ምን ትላቸዋለህ?"

"አንተ ያልከውን እነግራቸዋለሁ። እንደ እናንተ አይደለንም ብሏል እላቸዋለሁ።"

አውቶቡሱ ሳይመጣ ጥሎኝ ሄደ። ሥልጠናው እስኪያልቅ ድረስ ሌላ ጠረጴዛ ላይ ነበር የሚቀመጠው። ይቅርታ አልጠየቅሁትም።

ሞጣ ስመለስ አማቴ በግ አርደው ዘመድ አዝማዱን ጠሩ። ሁሉም የሄድኩበትን አገር ወሬ ሊሰማ ጓጉቷል። ስለ አገዳው፣ ስለ ፋብሪካው፣ ጉብታው ላይ ስላሉት ነጮች አወራሁ። ወሬዬ ክለቡ በር ላይ ሲደርስ አፌ በራሱ ጊዜ ሌላ መንገድ ያዘ። "ጓደኛዬን ውጭ አስቀምጬ አልበላም! እሱ ካልገባ እኔም አልገባም አልኳቸው" አልኩ። ቤቱ በእልልታ ተናወጠ። አማቴ ተነሥተው ግንባሬን ሳሙኝ። አንድ ቄስ "ሰውን ውጭ አስቀምጦ መብላት የአረመኔ ሥራ ነው" አሉ፤ ሁሉም "እውነት ነው" አለ።

ያን ዕለት ግቢው ውስጥ አንድ ቀጥቃጭ ነበር፤ ለአማቴ አዲስ እህል ቤት የብረት ማጠፊያ ሠርቶ ጠዋት በሩን ገጥሞ ነበር። በእኛ አገር ቀጥቃጭ ቡዳ ነው ይባላል። ማረሻችንንም ቢላችንንም የሚሠራልን እሱ ነው፤ ቤታችን ግን አይገባም፣ በዕቃችን አይበላም። የእሱ ምሳ በገል ተደርጎ ደጅ፣ ውሾቹ አጠገብ ተቀምጦለት ነበር። እኛ ያለንበት ቤት በር ክፍት ስለሆነ የማወራውን ሁሉ ሲሰማ ቆይቷል። ገሉን እንደያዘ መጥቶ ከደጃፉ ቆመ። ዕድሜው ከእኔ ብዙ አይበልጥም።

"መምህር፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና" አለ፣ "ያ ውጭ ጠብቅ የተባለው ሰው ምን አጥፍቶ ነው?"

"ምንም አላጠፋም። ጥቁር ስለሆነ ነው" አልኩት።

"እርስዎ ግን ያለ እሱ አልበላም አሉ።"

"አዎ።"

"እግዜር ይስጥዎ።" የሚቀልድ አይመስልም ነበር፤ ፊቱ ላይ ተስፋ የሚመስል ነገር ነበር። "እንግዲያስ እኔም ምንም አላጠፋሁም። ወይ ልግባ፣ ወይ እርስዎ ይውጡና አብረን እንብላ።"

ማንም አልጎረሰም። አማቴ ቀስ ብለው ወደ እኔ ዞሩ።

"አንተን ነው የጠየቀህ። መልስለት እንጂ።"

ሃያ ሰው ያየኛል። ቀጥቃጩም ያየኛል።

"ይውጣልኝ" አልኩ።

ከዚያ ወዲያ የሆነው ፈጥኖ ነው። ሁለት የአማቴ አሽከሮች አንጠልጥለው ወሰዱት። በዱላ ሲመቱት ቆዩ፤ አንደኛው "ለሰው ማዕድ እጅህን ትዘረጋለህ?" እያለ ቀኝ እጁን ጎትቶ እህል ቤቱ መቃን ላይ አስያዘው። ሌላው በሩን እጁ ላይ ወርውሮ ዘጋው። ገና ጠዋት ራሱ የገጠመው ከባድ የዋንዛ በር ነው። ጩኸቱ አጭር ነበር። እኔ ከቤቱ ደጃፍ ላይ ቆሜ አያለሁ፤ እስኪወድቅ ድረስ ዓይኑን ከእኔ ላይ አላነሣም። ተመልሰን ተቀመጥን። ጠላ ተቀዳ። ቄሱ ስለ ሌላ ነገር ማውራት ጀመሩ።

ሁለት ሳምንት ያህል ቆይቶ የቀጥቃጩ ሚስት ትምህርት ቤት ድረስ መጣች። የክፍሉ በር ላይ አልቀረበችም፤ ከባንዲራው እንጨት ሥር ቆማ እስክወጣ ጠበቀችኝ።

"መምህር፣ ወረዳ ፍርድ ቤት ከሰናል። ዳኛው ምስክር አምጡ አሉን። ከእርስዎ በቀር የምንለምነው ሰው የለንም።"

"እኔ ያየሁት ነገር የለም" አልኳት።

"ደጃፉ ላይ ቆመው ነበር አለኝ። ዓይን ለዓይን ተያይተናል አለኝ።"

"ተሳስቷል። ውስጥ ነበርኩ።"

አላለቀሰችም። "ጣቶቹ ጠቁረዋል" አለች። "መዶሻ አይዙም እንግዲህ። ሌላ ሥራ አያውቅ። እርስዎ ያወሩትን ሰምቶ እኮ ነው የደፈረ። የእውነትዎን መስሎት ነው።"

"የእውነቴን ነበር" አልኳት።

ነጠላዋን እያጣፋች ትንሽ አየችኝ፤ ከዚያ እጅ ነሥታ ሄደች። እጅ መንሣቷ ነው የከፋኝ። ተማሪዎቹ እየጠበቁኝ ስለነበር ገብቼ ትምህርቱን ካቆምኩበት ቀጠልኩ።

ክሱ ምስክር የለውም ተብሎ ተዘጋ። እንዲያውም ግራዝማችን በሐሰት ከሷል ተብሎ ቀጥቃጩ አንድ ወር ታሰረ። ሲፈታ እጁ ከእንግዲህ የማይድን ሆኖ ነበር። ክረምቱ ሲገባ ሚስቱንና ልጆቹን ይዞ ከሞጣ ወጣ፤ ወደ ባሕር ዳር ነው ያሉም አሉ፣ በመንገድ ሲለምን አየነው ያሉም አሉ። ቤታቸውን ጎረቤት አፍርሶ እንጨቱን ለማገዶ ተካፈለው።

በመስከረም የብቸና ትምህርት ቤት ዳይሬክተር ሆኜ ተሾምኩ። ደጅ ጠንተው፣ አማላጅ ልከው ሹመቱን ያስገኙልኝ አማቴ ነበሩ። ደብዳቤውን በሁለት እጄ ተቀብዬ ጉልበታቸውን ሳምኩ።