መብራት በጠፋ ቁጥር

ባለፈው ዓመት ሆሳዕና ከተማ መብራት ሲጠፋ ሰው ሁሉ ሻማ ይፈልግ ነበር፤ አማቴ፣ የባለቤቴ እናት፣ ግን ስልካቸውን። የሚኖሩት ሌሞ ገጠር ውስጥ ነው። መብራት የገባላቸው በቅርቡ ቢሆንም ሲጠፋ ከእኛ እኩል ይጠፋል። ጠፍቶ ብዙም ሳይቆይ የእኔ ስልክ ይጮሃል። «ልጆቹ ያሉበት ቤት መብራት አለ ወይ?» ይሉኛል፣ እንደምን ዋልሽ እንኳ ሳይሉ።

ልጆቹ የሚሏቸው አዲስ አበባ፣ አንድ ክሊኒክ ውስጥ፣ በቅዝቃዜ የተቀመጡ ሁለት ጽንሶች ናቸው። የእኔና የባለቤቴ ናቸው። በዓይን አይታዩም፣ አያለቅሱም፣ የትምህርት ቤት ዩኒፎርም አይጠይቁም። አማቴ ግን በእግራቸው ከሚሮጡት የልጅ ልጆቻቸው አብልጠው ይጨነቁላቸው ነበር። የሚሮጡትማ መብራት ጠፋባቸው ብለው ሲደውሉ ሰምቼ አላውቅም።

እኔ የባዮሎጂ መምህርት ነኝ። አባቴ ከሰሜን በመምህርነት ተመድቦ መጥቶ እዚሁ ቀረ፤ እኔም እዚሁ ተወልጄ የሀድያ ልጅ አገባሁ። የሰው ልጅ እንዴት እንደሚፀነስ በየዓመቱ ሰሌዳ ላይ እስላለሁ፤ ቀስቶቹንም በቀይ ጠመኔ አሳምራቸዋለሁ። ካገባሁ ዓመታት ካለፉ በኋላ አንድ ተማሪ እጁን አውጥቶ፣ «ቲቸር፣ ይሄ ነገር ሁልጊዜ ይሠራል?» አለኝ። «ለፈተና ይሠራል» ብዬው ወደሚቀጥለው ምዕራፍ አለፍኩ።

ከተማችን ደግሞ የተቸገረ ሰው አይቶ ዝም የሚል ከተማ አይደለም። የእኔ ወገኖች ጠበል ወሰዱኝ። የባለቤቴ ወገኖች ሳሎናችንን ሞልተው ጸለዩልኝ። ልጁ ቢመጣ ሁለቱም ወገን በእኛ ነው ለማለት ተዘጋጅቶ ነበር፤ ልጁ ግን ሁለቱንም አላስቀየመም፣ አልመጣም። ከአንጋጫ የመጣ ሥር በወተት በጥብጠው አጠጡኝና ሦስት ቀን ከሽንት ቤት አልወጣሁም። ፎንቆ ገበያ አጠገብ ያለች አዋቂ ደግሞ ሆዴን እንደ ሊጥ አሸችው። ሁሉም ሲሰናበቱኝ የሚሉት አንድ ነው፦ «አይዞሽ፣ አትጨነቂ። የሚከለክልሽ ጭንቀቱ ነው።» የሚያስጨንቀኝ ማን እንደሆነ የጠየቀኝ የለም።

ባሌን መርምሩት ያለም አልነበረም። እሱ የዞን ባለሥልጣን ነው፤ ስለ ሥነ ተዋልዶ ጤና ስልጠና ሲሰጥ ማይክራፎኑን የሚቀማው የለም። «ችግሩ ከወንድም ከሴትም ሊሆን ይችላል፤ ባልና ሚስት አብረው ይመርመሩ» ብሎ አዳራሽ ሙሉ ሰው አስጨብጭቧል። ቤት ሲገባ ግን ይህ የሚመለከተው አዳራሹን ብቻ ነበር። በመጨረሻ ልመናዬ ሲሰለቸው እሺ አለ፤ ሰው እንዳያየው ብሎ ግን ዱራሜ ድረስ ሄደ። እዚያ የላቦራቶሪው አግዳሚ ወንበር ላይ ከራሱ መሥሪያ ቤት ሁለት የሥራ ባልደረቦቹ ተቀምጠው ይጠብቁታል። አንደኛው የናሙና ዕቃውን ኮቱ ኪስ ከትቶ እጁን ከኪሱ አላወጣም አሉ። ሦስቱም «ለመስክ ሥራ ነው የመጣሁት» ተባባሉ። ከዚያም ተራቸው እስኪደርስ ስለ መንገዱ መበላሸት ሲወያዩ ዋሉ።

ውጤቱ ማንንም አላኮራም። የእኔ ቱቦዎች ተዘግተዋል፤ የእሱ ዘር ደግሞ ቁጥሩ ትንሽ፣ እንቅስቃሴውም ሰነፍ ነው ተባለ። «ሰነፍ» ያለው ውጤቱን ይዘን የሄድንበት የአዲስ አበባ ሐኪም ነው። ባለቤቴ ያንን ሐኪም እስከ ዛሬ አይወደውም።

ያ የማይወደድ ሐኪም ግን መንገድ አሳየን። አይቪኤፍ ይባላል፤ እንቁላሌ ከሆዴ ወጥቶ፣ ከባለቤቴ ዘር ጋር ላቦራቶሪ ውስጥ ተገናኝቶ፣ ጽንስ ሲሆን ጥቂት ቀን እዚያው አድጎ ወደ ማህፀኔ ይመለሳል። ቱቦው ቢዘጋም ግድ የለም፣ ምክንያቱም በቱቦው አያልፍም። ዘሩ ቢሰንፍም ግድ የለም፣ በመርፌ እየተገፋ እንቁላሉ ውስጥ ይገባል። «ዋስትና ግን የለውም» አለ ሐኪሙ፤ «በመጀመሪያው ሙከራ የማይሳካላቸው ብዙ ናቸው።» ሁለታችንም ራሳችንን ነቀነቅን። ብዙዎቹ የተባሉት ሌሎች ሰዎች መሰሉን።

መጽሐፉ ላይ ነገሩ አንድ አንቀጽ ነው። ሆዴ ላይ ግን በየማታው መርፌ ነበር። መድኃኒቱ ቅዝቃዜ ስለሚፈልግ ፍሪጃችን ውስጥ ከአይቡ ጎን ይቀመጣል። ባለቤቴ መርፌ ማየት ስለማይችል ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ «በርቺ» ይለኛል፤ የምወጋው እኔው ነኝ። ሆዴ ተነፋ፣ ጠባዬም ከፋ። ክሊኒኩ እንቁላሎቹን አውጥቶ ሦስት ደህና ጽንሶች አገኘ። አንዱን ማህፀኔ ውስጥ አስገቡት፤ ሁለቱን አቀዘቀዟቸው። ከሁለት ሳምንት በኋላ በደም ምርመራ እናያለን ብለው ወደ ቤቴ ሰደዱኝ።

ነገሩን ለአማቴ መንገር ፈርቼ ነበር። የእግዚአብሔርን ሥራ ነጠቃችሁ ይሉኛል ብዬ። እሳቸው ጉልበታቸውን ይዘው እስከ መጨረሻው አዳመጡኝና፣ «እንሰት ነዋ» አሉ።

«እንዴት አማ?» አልኳቸው፤ በሀድያ እናት ማለት ነው።

«እንሰት መቼ በዘር ይበቅላል? እናትየዋን ትቆርጫለሽ፣ ትቀብሪያለሽ። ሌላ ቦታ ቡቃያ ታወጣለች። ከዚያ ነቅለሽ ቦታው ወስደሽ ትተክያለሽ። ይሄን ለማወቅ አዲስ አበባ ድረስ ምን አስኬዳችሁ?»

እውነት ለመናገር ደስ አለኝ። ከዚህ በኋላ የሚያስረዳኝ አያስፈልገኝም የሚል ፊት አሳዩኝ። ቀጥለው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ኮርማው ግን የማን ነው?» አሉኝ። የልጅዎ ነው አልኳቸው። «ተመስገን» አሉ። ባለቤቴ ከጎናችን ተቀምጦ ሻዩ ትን አለው።

«ስንት ቡቃያ ወጣ?»

«ሦስት።»

«ስንቱን ተከሉ?»

«አንዱን።»

«ሌሎቹስ?»

እዚህ ላይ ነው የተሳሳትኩት። ደክሞኝ ስለነበር «ፍሪጅ ውስጥ ናቸው» አልኩ። ፊታቸው ተለወጠ። የእኛ ፍሪጅ መብራት ሲጠፋ ሥጋውን ምን እንደሚያደርገው በዓይናቸው አይተዋል። ነገሩን ለማስተካከል ስል ሌላ ስህተት ጨመርኩ። ፍሪጅ አይደለም፣ ናይትሮጅን ያለበት ዕቃ ነው፣ መብራት ጨርሶ አይፈልግም፣ የከብት አዳቃዩ የፈረንጅ ላም ለማስወለድ ይዞት እንደሚዞረው ዓይነት ነው አልኳቸው። «ያ ሰውዬ?» አሉ። «ያ ሰውዬ ዕቃው ውስጥ ያለው አልቆ፣ ባዶውን ተሸክሞ መጥቶ፣ ላሜ ዓመቱን ሙሉ ሳትይዝ ቀርታለች።» ከዚያን ቀን ጀምሮ መብራት በጠፋ ቁጥር ይደውሉ ጀመር። እኔም ሳልደውል «ደውያለሁ፣ አለ» እያልኩ እመልስላቸው ነበር።

ስልኩ ባልከፋ። አማቴ ግን ዊጆ አላቸው፤ የሰፈራቸው ሴቶች ቅቤ እያዋጡ በተራ ለአንዷ የሚሰጡበት ማኅበር ነው። የአማቴ ተራ ገና ነበር። ሴቶቹን ሰብስበው «ምራቴ ዘንድ ተተክሏል» ብለው ተራቸውን አስቀደሙ። የተተከለ እንሰት ደግሞ ተተክሏል ማለት ነው፤ ስለ እንሰት የደም ምርመራ የሚጠብቅ ገበሬ የለም። ሴቶቹ በጋሪና በባጃጅ ተጭነው፣ ቅቤውን በእንሰት ቅጠል ጠቅልለው፣ ቤቴን ሞሉት።

«ገና ነው፣ አልተረጋገጠም» አልኳቸው። «እሺ፣ እሺ» አሉኝና ቅቤው የት እንደሚቀመጥ ጠየቁኝ። ሐኪሙ እንደልብሽ ተንቀሳቀሽ ብሎኛል፤ እነሱ ግን ከአልጋ መውረድ፣ ባጃጅ መሳፈርና ጮክ ብሎ መሳቅ ከለከሉኝ። ጎረቤቴ ባለሱቋ ሱቋን ዘግታ መጥታ፣ ፊቴን አገላብጣ አይታ፣ ወንድ ነው ብላ ፈረደች። ሆዴ ውስጥ ያለው ነገር ከጤፍ ፍሬ ያንሳል። ትምህርት ቤት ስመለስ ርዕሰ መምህሩ እንኳን ደስ ያለሽ አለኝ። የጥበቃው ሠራተኛ ቦርሳዬን ነጥቆ ተሸከመልኝ። እኔም ሰው ነኝና ከጊዜ በኋላ መቃወሙን ተውኩት። ሆዴን እየዳሰስኩ መራመድ ጀመርኩ። ብቻዬን ስሆን አናግረው ነበር።

የደም ምርመራው ውጤት በስልክ መጣ። የነርሷ ድምፅ ከወትሮው ይበልጥ ትሁት ስለነበር ሳትነግረኝ ገባኝ። አልተጣበቀም አለችኝ፤ አዝናለሁ አለችኝ። ከዚያ ቀስ ብላ፣ የቀሩትን ሁለቱን እናቆያቸው ወይስ እናስወግዳቸው፣ ተነጋግራችሁ አሳውቁን አለችኝ። ላቦራቶሪ ተብሎ በሚጠራው የትምህርት ቤታችን መጋዘን ገብቼ፣ አንድ እጅ ከሌለው የፕላስቲክ አፅም አጠገብ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ከዚያ ፊቴን ታጥቤ ስለ ቅጠል አስተማርኩ።

ቤት ስደርስ ለባለቤቴ በቃኝ አልኩት። ሁለቱን ያስወግዷቸው፣ ደውለህ ንገርልኝ አልኩት። ሁለተኛ መርፌ፣ ሁለተኛ ቅቤ፣ ሁለተኛ እንኳን ደስ ያለሽ የምችልበት አቅም አልነበረኝም። «እንዳልሽ» አለ። ማይክራፎን የማይለቀው ሰው ስልኩን እያገላበጠ ቆይቶ፣ ኔትወርክ የለም ብሎ ወጣ። በማግስቱም ኔትወርክ አልነበረም። በሦስተኛው ቀን ስልኩን ከእጁ ወስጄ ነገ ራሴ እደውላለሁ አልኩት። ለአማቴም ሴቶቹ መጥተው ቅቤያቸውን ይውሰዱ ብዬ ላክሁባቸው። ወጥ ቤቴ በገባሁ ቁጥር የቅቤው ሽታ ያሳፍረኝ ነበር።

ሴቶቹ አልመጡም። በማግስቱ ከሰዓት በኋላ አማቴ ብቻቸውን መጡ። ሰላም ሳይሉኝ ወጥ ቤት ገብተው ወተት ጣዱ፤ ይዘው የመጡትን ቡላ በጠበጡ፤ ቅቤውን ፈቱ። አታካና እየሠሩ ነበር። እኛ ዘንድ ቅቤ የሚዋኝበት ይህ የቡላ ገንፎ በዋናነት የአራስ ምግብ ነው። ያልሰሙ መስሎኝ ደነገጥኩ።

«አማ፣ የለም እኮ። አልያዘም።»

«ሰምቻለሁ።»

«ታዲያ ይሄ ለማን ነው?»

ማማሰላቸውን አላቆሙም። «ቤትሽ ገብቶ ነበር?» አሉኝ።

«ገብቶ ነበር።»

«ወጣ?»

ባዮሎጂውን ላስረዳቸው አፌን ከፈትኩ። ማህፀን ግድግዳ ላይ ሳይጣበቅ የቀረ ጽንስ እርግዝና እንደማይባል፣ ያልተረገዘም እንደማይወለድ ልነግራቸው ነበር። «ወጣ» ብቻ አልኩ።

«እንግዲያ አራስ ነሽ» አሉ።

ወንበር ላይ አስቀምጠውኝ የራሴን ሻሽ ፈቱ። ጥሬውን ቅቤ በመዳፋቸው አሙቀው አናቴ ላይ አደረጉልኝ። እስከዚያ ድረስ ሰው ሁሉ አይዞሽ ሲለኝ፣ ሌላ ይመጣል ሲለኝ ነበር የሰነበተው፤ የሄደውን የቆጠረልኝ ግን አልነበረም። ቅቤው ወደ ጆሮዬ ሲወርድ፣ በመጋዘኑ ያላለቀስኩትን ሁሉ አለቀስኩ። አማቴ አላባበሉኝም። የአታካናውን ሳህን ጭኔ ላይ አኖሩና «ብዪ» አሉኝ።

ግማሹን እንደበላሁ የፍሪጁ ድምፅ ቀጥ አለ። መብራት ጠፋ።

አማቴ እጃቸውን ወደ መቀነታቸው ሰደዱ፤ ስልካቸው ያለው እዚያ ነው። ግን አላወጡትም። ጥያቄያቸውን ጠበቅሁ፤ አልጠየቁኝም። ጎንበስ ብለው የተፈታውን መቀነታቸውን ማጥበቅ ጀመሩ። ሁለቱን ያስወግዷቸው ማለቴን ልጃቸው እንደነገራቸው ያኔ ገባኝ። የእሱ ኔትወርክ እናቱ ዘንድ ይሠራ ኖሯል።

ስልኬን ቅቤ በነካው እጄ አነሳሁ። ጣቴ እየተንሸራተተ ሁለት ጊዜ ተሳሳትኩ። ነርሷ አነሳች። ስሜን ነገርኳት፤ አወቀችኝ። «ወሰናችሁ?» አለች በዚያ ትሁት ድምፅዋ።

ዕቃው መብራት እንደማይፈልግ አውቃለሁ። ዲግሪዬም ይህንኑ ያውቃል።

«እዚያ መብራት አለ?» አልኳት።

«አለ» አለችኝ፤ «ምነው?»

«ምንም። ሁለቱን አቆዩልኝ» አልኩና ወደ አማቴ ዞርኩ። «አለ አሉ፣ አማ።»