የእንፋሎቱ ሞተርና የእናቴ መቀበያ

ደርግ ከወደቀ ከጥቂት ዓመታት በኋላ፣ መሐል ሜዳ ከተማ አስረኛ ክፍል ስማር፣ የፊዚክስ መምህራችን ከማዕድን ጉድጓድ ውሃ የሚስበውን የጥንት የእንፋሎት ሞተር ሰሌዳ ላይ ሳሉልን። ሲሊንደሩ በእንፋሎት ይሞላል፤ ከዚያ እዚያው ውስጥ ቀዝቃዛ ውሃ ይረጭበታል። እንፋሎቱ ወደ ውሃ ሲለወጥ ፒስተኑ ይወርዳል፤ ፓምፑም ውሃ ይስባል። ቀጥሎ የቀዘቀዘውን ሲሊንደር እንደገና ማሞቅ ነው።

እጄን አወጣሁ። "ይሄማ ማገዶ መፍጀት ነው" አልኩ። "የጋለውን ለምን ያቀዘቅዙታል? እናቴ አረቄ ስታወጣ እሳት ላይ ያለውን እንስራ ቀዝቃዛ ውሃ አታስነካውም። እንፋሎቱ በመቃ ይወጣና ውሃ ውስጥ በተቀመጠው መቀበያ ይቀዘቅዛል። ለሞተሩም እንደዚያ ለብቻው መቀበያ ይበጅለት።"

ክፍሉ በሳቅ አውካካ። መምህሩም "የአረቄውን ሙያ እቤትሽ ተይው፤ ተቀመጪ!" አሉኝ። አልተቀመጥኩም። የእናቴ ዓይን በኩበት ጭስ የደከመው ለእነሱ መሳቂያ እንድትሆን አልነበረም።

መምህሩ በንዴት የመማሪያ መጽሐፉን ገጽ ገለጡና የሚቀጥለውን ማንበብ ጀመሩ። እያነበቡ ድምፃቸው ቀነሰ። ሞተሩ የተሻሻለው እንፋሎቱ ከሲሊንደሩ ወጥቶ፣ ለብቻው በተሠራ ዕቃ ውስጥ እንዲቀዘቅዝ ተደርጎ ነበር። የሚፈጀው ማገዶም በዚያው ቀነሰ።

"ልክ ነሽ" አሉኝ ቀና ብለው። "የት አነበብሽው?"

የሳቁት ሁሉ እንዲሰሙ ጮክ አልኩ።

"አላነበብኩትም። ያስተማረችኝም ማንበብ አትችልም።"