በእጄ የጻፍኩት ሱቅ

የልጄ ላፕቶፕ ማራገቢያ እንደተቆጣ ንብ ሲጮህ፣ የጋለ ፕላስቲክና የአቧራ ሽታ አፍንጫዬን መታው። ምን እየሠራሽ ነው ብላት፣ «አንዲት ገጽ ነች አባባ፤ የሚያስፈልጓት ነገሮች እየወረዱ ነው» አለችኝ። ለአንዲት ገጽ መርከብ ሙሉ ዕቃ ታራግፋለች።

ወዳጄ፣ እኔን ድረ ገጽ መሥራት ያስተማረኝ ማንም የለም። እዚህ ጅቡቲ፣ ካርቲየ 3 በሚባለው ሰፈር በነበረ ኢንተርኔት ቤት፣ የሰዎችን ገጽ ከፍቼ ከጀርባው ያለውን ጽሑፍ እያነበብኩ ራሴን አስተማርኩ። በፈረንሳይኛው ኪቦርድ ላይ አንዳንዱ ቅንፍ ሁለት ጣት ይጠይቃል፤ የእኔ ጣቶች ሳላይ ያገኙት ነበር። አጠገቤ የሚቀመጠው የድሬዳዋ ባልንጀራዬም ጎበዝ ነበር፤ እኔ ጋ ባይደርስም።

ካርቲየ 7 ቢስ ላለች የጨርቅ ነጋዴ ገጽ ጻፍኩላት፤ ፎቶዎቹን ባልንጀራዬ አሳነሰልኝ። የድሬዳዋ ደንበኞቿ ሽቲ ጨርቋን በስልካቸው አይተው ያዝዙ ነበር። ኔትወርኩ ሲያነክስ እንኳ የእኔ ገጽ ይከፈታል።

ኋላ ባልንጀራዬ ገጽ የሚሠራ አዲስ የኮምፒውተር መሣሪያ አገኘና፣ «አቦ፣ በእጅ መጻፍ እኮ ቀረ» ብሎ የነጋዴዋን ገጽ እንደ አዲስ ሠራላት። እዚህ ሲታይ ያብረቀርቃል። በማግስቱ ሁለታችንም ሱቋ ውስጥ ሳለን የነጋዴዋ እህት ከድሬዳዋ ደወለች፤ በእሷ ስልክ የታየው ባዶ ነጭ ነበር።

«ከፈን ብቻ ሆነ እንዴ የምትሸጪው?» አለቻት።

ስልኩ በድምፅ ማጉያ ነበርና ሱቁ ውስጥ የነበረው ሁሉ ሰምቶ ሳቀ፤ ከሁሉም እኔ። ሥራው ወደ እኔ እንደሚመለስ አልተጠራጠርኩም። ነጋዴዋ ግን ሽቲ እያጠፈች፣ «አንተ አንድ ጨርቅ ሲያልቅ ከየገጹ ስትፍቅ ትውላለህ። እሱ አንድ ቦታ ነክቶ ሁሉንም ይለውጣል። ነጩን ያስተካክለዋል» አለችኝ።

ባልንጀራዬ እስከ በር ተከተለኝ። «ና አቦ፣ ላሳይህ፤ አብረን እንሥራ» አለ። በሌላ ሰው ምርኩዝ አልሄድም አልኩት። ከዚያ ወዲህ ጎን ለጎን አልተቀመጥንም።

ያ መሣሪያ ዛሬ የለም። ሌላ ተተካ፤ እሱንም ሌላ በላው። እነዚህ ልጆች አንዱን ሳይጨርሱ ለሌላው ይሰለፋሉ፤ እውቀትም ይሉታል። ያኔ የጻፍኩት ገጽ ግን፣ ቅጂው እኔ ጋ አለ፣ ዛሬም ሲነኩት ይከፈታል። ባልንጀራዬ ድሬዳዋ ገብቶ እዚያው መሞቱን የሰማሁት ናጋድ ባቡር ጣቢያ ከወረደ መንገደኛ ነው።

የዚያን መሣሪያ ስም ለልጄ ጠርቼ ሳቅሁበት። «ምንድን ነው እሱ?» አለችኝ።

በዚያ መሣሪያ ስሳለቅ ቀልዱ የሚገባው፣ ተናዶም የሚመልስልኝ፣ አንድ ሰው ነበር።