ሣሩን የጠበቁት ሰው

ጋሽ ፊሽካ ይሏቸዋል። ስሙን ያወጡላቸው የሰፈሩ ልጆች ናቸው። በከተማው መናፈሻ ሃያ ስድስት ዓመት ዘብ ቆመዋል፤ ዘብ ቆሙ መባሉ ለወጉ ነው እንጂ ቆመው አያውቁም። ከበሩ እስከ ጥዶቹ፣ ከጥዶቹ እስከ ኩሬው ላይ ታች ሲሉ ይውላሉ። ከመራመድ ብዛት ሥጋ የሚባል አልያዛቸውም። ባለቤታቸው «ካንተስ ጥላህ ይወፍራል» ይሏቸው ነበር።

በሩ አጠገብ «ሣር መርገጥ ክልክል ነው» የሚል ሰሌዳ ነበረ። እሳቸውም ቃሉን ጥብቅ አድርገው ያዙት። ልጅ ኳስ ይዞ ብቅ ካለ ፊሽካው ይጮሃል፣ ኳሱም ይወረሳል። አለቆች ለጉብኝት ሲመጡ ሣሩን ምንጣፍ ነው የሚመስለው እያሉ ያደንቁላቸዋል፤ እሳቸውም አንገታቸውን ቀና ያደርጋሉ።

አንዲት ሴት ልጅ አለቻቸው። ሰባት ዓመቷ ላይ እናቷ ስለታመሙ ከትምህርት ቤት መልስ አባቷ ዘንድ መዋል ጀመረች። አንድ ቀን ጫማዋን አውልቃ ሣሩ ላይ ስትሮጥ ሌሎች ልጆችም ተከትለዋት ገቡ። ጋሽ ፊሽካ ፊሽካቸውን ነፉ። ልጆቹ ሲበተኑ እሷ ግን ፊሽካው እሷንም የሚመለከት ስላልመሰላት እየሳቀች መሮጧን ቀጠለች። ሄደው ክንዷን ያዙና በሰው ፊት ጎትተው አወጧት።

«አባዬ፣ እኔም?»

«አንቺም። የዘበኛ ልጅ ስለሆንሽ ሕግ አይላላልሽም።»

ፊት አይተው የማያዳሉ ሰው በመሆናቸው ያን ቀን ኮርተው ነበር።

ከዚያ ወዲያ ልጅቷ መናፈሻ ደርሳ አታውቅም። ከትምህርት ቤት ቤት፣ ከቤት ቴሌቪዥን ፊት ሆነ ውሎዋ። ጎረቤቱም ከደጅ የማትወጣ ጨዋ ልጅ እያለ አመሰገነላቸው።

አድጋ የስልክ ጥሪ ተቀባይ ሆነች፤ ያውም ቀኑን ሙሉ ተቀምጦ የሚሠራ ሥራ። ሠላሳ ዓመት ሲሞላት ደረጃ መውጣት ያቅታት ጀመር፤ ጉልበቷ ታመመ፣ ስኳርም ተገኘባት። ጋሽ ፊሽካ ጡረታ ወጥተው ስለነበር ክሊኒክ አብረዋት ሄዱ። ነርሷ ክብደቷን መዝግባ፣ «ልጅ ሆነሽ ትጫወቺ፣ ትሮጪ ነበር?» አለቻት።

«አይ፣ እኔ ድሮም መሮጥ አልወድም። ተፈጥሮዬ ነው።»

ሽማግሌው አቀረቀሩ። ልጃቸው መድኃኒት ልትቀበል ስትወጣ ወደ ነርሷ ጠጋ ብለው፣ «ልጄ፣ ጥፋቱ የኔ ይሆን?» ብለው ጠየቋት፤ የሣሩንም ነገር አጫወቷት።

«አባባ፣ ውፍረት በአንድ ነገር ብቻ አይመጣም፤ ዘር አለ፣ ምግብ አለ፣ ሥራም አለ። እርግጥ ከልጅነቱ ሜዳ የለመደ ሰው ሲያድግም መንቀሳቀሱ ብዙ አይከብደውም። አሁንም ቢሆን ለስላሳ መሬት ላይ ትራመድ፣ አብረዋት ይሂዱ» አለቻቸው።

ልጅቷ ሰው ያየኛል ብላ ሁለት ሳምንት እምቢ አለች። በሦስተኛው ሳምንት አንድ ማለዳ ወደ መናፈሻው ሄዱ። ሰሌዳው ተነቅሏል፤ ሣሩ መሐል መሐሉ ተልጦ ልጆች ኳስ ይራገጡበታል። እሷ ግን ሲሚንቶው ላይ ቀጥ ብላ ቆመች።

«ግቢ እንጂ» አሏት።

«እዚህ ይበቃኛል።»

ጋሽ ፊሽካ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ያን ቀን እንደዚያ ጎትቼ ላስወጣሽ አይገባኝም ነበር።»

«የቱን ቀን?»

ነገሯት። ግንባሯን ቋጥራ ብታስብ ብታስብ አልመጣላትም።

«ትዝ አይለኝም አባዬ። ምን ያስጨንቅሃል?» አለቻቸው ትከሻቸውን መታ አድርጋ።

ብትቆጣቸው ይሻላቸው ነበር። ይቅርታ እንዳይጠይቁ፣ ይቅር የምትለው ነገር የላትም፤ ሩጫን የተወችው ተከልክላ ሳይሆን ድሮም ስለማትወደው ይመስላታል።

በመጨረሻ እጃቸውን ይዛ ገባች፤ ሣሩን አቋርጠው ጥዶቹ ጋ ሲደርሱ ደከማትና ተቀመጡ። አሁን በሳምንት ሁለት ቀን ይሄዳሉ። ስኳሯ ትንሽ ወርዷል፤ ጉልበቷ ግን እንደታመመ ነው። አንዳንድ ማለዳ እንቅልፍ ጥሏት ትቀራለች። እሳቸው ለብሰው፣ ጫማቸውን አስረው የቤቱ በር ላይ ይጠብቋታል፤ አይቀሰቅሷትም። እሷን የማዘዝ መብታቸውን ድሮ የጨረሱት ይመስላቸዋል።