ማሳው ተበልቷል

አባቴና መኪናዬ በአንድ ክረምት ነው ዓይናቸው የደከመው። ይህን ሳወራ ሰው ይስቃል፤ ያኔ ግን የሚያስቅ ነገር አልነበረውም።

አባቴ ዱመርሶ ላይ ቡናና እንሰት ያለበት ትንሽ መሬት አለው። ቀኝ ዓይኑን ሞራ ከጋረደው ቆይቷል። ግራው እንዳይከተለው ስንሰጋ፣ በዚያ ክረምት እሱም ሰውና ጥላ መለየት አቃተው። ሰውን በድምፁ ብቻ ነበር የሚያውቀው። እኔ ዲላ አስተምራለሁ፤ ቅዳሜ ልጠይቀው ስሄድ፣ ደጃፉ ላይ ቆሜ እያየሁት "ማነው?" ይለኛል።

ሐዋሳ ሐኪሞች መጥተው ሞራ እየገፈፉ ነው ሲባል ሮጬ ተራ አስያዝኩለት። የመጡት ለጥቂት ቀናት ነው፤ የአባቴ ተራ የመጨረሻው ቀን ጠዋት ላይ ወደቀ። ያን ጠዋት እዚያ ካልተገኘ ሐኪሞቹ ዕቃቸውን ሸክፈው ይሄዳሉ። ተመልሰው መቼ እንደሚመጡ የሚያውቅ አልነበረም። የቀረችውን አንዲት ዓይን የምናተርፍበት ዕድል ይኸው ብቻ ነበር።

ወሬውን ያመጣልኝ አጎቴ፣ የአባቴ ታናሽ ወንድም ነው። ይህን ለአባቴ መንገር ግን አልቻልኩም። ሁለቱ በድንበር ከተኳረፉ ዓመታት አልፈዋል። መሬታቸው ጎን ለጎን ነው። እኛ አገር መሬቱ ለሰዉ አይበቃም፤ አንድ የእንሰት እግር ወዲህ ወይ ወዲያ መተከሉ ወንድምን ከወንድም ያለያያል። አባቴ "ድንበሬን በላ" ይላል፤ አጎቴ "አልበላሁም" ይላል። ዓይኑ ከደከመ ወዲህ ደግሞ አባቴ ድንበሩን በዱላው እየዳሰሰ ሲዞር ነው የሚውለው። አጎቴ ዲላ ቤቴ መጥቶ መሄዱን አባቴ ከጎረቤት ሰምቶ ኖሮ፣ "ምን ሊል መጣ?" ብሎ ጠየቀኝ። "ሰላም ሊለኝ" አልኩት። "ሰላም" ብሎ ደገመው። አደጋገሙን አልወደድኩትም፤ ግን ከሕክምናው በኋላ እነግረዋለሁ ብዬ ተውኩት።

አባቴ በሚኒባስ አልሄድም አለ። እጁን ተይዞ ሲወጣና ሲወርድ አገር እንዲያየው አይፈልግም። "በአንቺ መኪና ከሆነ እሄዳለሁ" አለኝ። የእኔዋ መኪና ደግሞ በዚያው ሰሞን የግራ ዓይኗ ጠፍቶ ነበር።

መኪናዋ በብዙ እጅ ያለፈች አሮጌ ናት፤ የፊት መብራቷ ግን ዜኖን የሚሉት ነው። ዜኖን እንደ ተራ አምፖል ክር የለውም። ጋዝ ውስጥ በሚነሳ ብልጭታ ነው የሚበራው፤ ብልጭታውን የሚያስነሳለት ደግሞ ባላስት የሚባል፣ ሳሙና የሚያህል ሳጥን ነው። ሲሠራ ሌሊቱን ቀን ያደርገዋል። ሲበላሽ ግን መከራ ነው። ዲላ ውስጥ ያየው ሁሉ "ነቅለሽ ጣይውና ተራ አምፖል አስገቢበት" ይለኛል። እኔ ደግሞ ይህን አድርጊ ሲሉኝ የማላደርግ ግትር ነኝ።

ግራው መጀመሪያ ወደ ሐምራዊ አደላ፤ ቀጥሎ ይርገበገብ ጀመር፤ በመጨረሻ ጠፋ። አብሮ አደጌ የሆነ የመኪና ኤሌክትሪሺያን አለ፤ ምላሱ ከእጁ ይፈጥናል። ኮፈኑ ገና ሳይከፈት "አምፖሉ ነው" አለኝ።

"ታዲያ የግራውንና የቀኙን እናቀያይርና እንየዋ" አልኩት።

መስታወቱን ጣት እንዳይነካው በጨርቅ ይዘን አቀያየርን። ጠፋ የተባለው አምፖል ቀኝ በኩል ሲገባ ቦግ አለ፤ ደህናው ግራ በኩል ሲገባ ጨለመ። ስለዚህ አምፖሉ ጤነኛ ነው። "እንግዲያው ባላስቱ ነው" አለ፣ ቅንጣት ሳያፍር። ባላስት ከአዲስ አበባ በአውቶቡስ ሹፌር እጅ አስመጣሁ። ገጠምነው፤ በራ። እኔም እፎይ ብዬ ወደ ሥራዬ ተመለስኩ።

በቀጠሮው ዋዜማ ከክፍል ወጥቼ በቀጥታ ዱመርሶ ሄድኩ። ሐሳቤ ሳይመሽ አባቴን ወደ ዲላ አምጥቼ፣ እኔ ጋ አድሮ፣ ሊነጋ ሲል ወደ ሐዋሳ ለመነሳት ነበር። እሱ ግን ካባውን ለብሶ ተዘጋጅቶ ካበቃ በኋላ "መሬቴን ሳላይ አልሄድም" አለ። ምን ዓይን አለህና ልለው ምንም አልቀረኝም፤ ምላሴን ነከስኩ። በዱላው እያንዳንዷን የድንበር ተክል እየነካ ዞረ፤ እኔም በዝናቡ ቆሜ ቀኑ ሲሸሽ አየሁ።

አስፋልቱ ላይ ስንወጣ ጉሙ ወርዷል። የክረምት ጉም ሲወርድ የመንገዱ ጠርዝ ራሱ አይታይም። መብራቱን አበራሁ። ትንሽ እንደሄድን ግራው መርገብገብ ጀመረ። "አይ፣ አሁን አይሆንም! አሁን አይሆንም!" ብዬ መሪውን በመዳፌ መታሁት። ጠፋ።

የግራው መብራት በሚመጣው መኪና በኩል ያለው ነው። እሱ ሲጠፋ በጉም ውስጥ ከፊት ለሚመጣ ሹፌር ሞተር ሳይክል ነው የምትመስለው። አንድ የጭነት መኪናም ሞተር ሳይክል መስዬው መሰለኝ፣ መስመሬን ይዞ መጣ። መሪውን ወደ ቀኝ ጠመዘዝኩት፤ የጎኑ ንፋስ መኪናችንን ነቀነቃት። አባቴ ዳሽቦርዱን በሁለት እጁ ይዞ በጌዴኦኛ "ምንድነው?" አለኝ።

"መብራቱ ነው፣ አባ። አሁን አስተካክለዋለሁ።"

ከመንገዱ ጠርዝ አቆምኩ፤ ጎማዋ ግን ጭቃ እንዳይውጠው ብዬ ሙሉ በሙሉ አልወጣሁም። በአንድ ዓይን እንዲህ መንዳት አብሮ መሞት ነው፤ እዚያው ማደር ደግሞ ቀጠሮውን መቅበር ነው። ኮፈኑን ከፍቼ ኤሌክትሪሺያኑ ጋ ደወልኩ፤ ሁለት እጄን ለሥራ ስለምፈልገው ስልኩን ድምፁን ከፍቼ ባትሪው አጠገብ አስቀመጥኩት። እሱ ደግሞ ያለ ጩኸት ማውራት አይችልም።

"ባላስቱ ደህና ነው፤ አዲስ ነው! ማሳውን እይው!" አለ።

ማሳ የሚሉት ከጣልያን የቀረ የጋራዥ ቃል ነው። ከመብራቱ ወጥቶ ከመኪናዋ ብረት ጋር የሚታሰረውን ጥቁር ሽቦ ነው እንዲህ የሚሉት። እሱ ካልተያያዘ ብልጭታው አይነሳም። እኔ ጋራዥ ውዬ ስለማድር ቃሉ በዚህ ትርጉሙ ለምዶኛል። ለአባቴ ግን ማሳ ያው ማሳ ነው፤ ቃሏን የሚያውቃት ከግብርና ሠራተኞቹ አፍ ነው፣ መሬቱን ሊለኩለት ሲመጡ። ያን ሰዓት ይህ በጭራሽ አልታሰበኝም።

በስልኬ መብራት ጎንበስ ብዬ አየሁ። ሽቦው ብረቱን የነካበት ቦታ በዝገት አልቋል። ባላስቱን ስንገጥም ነካክተነው ለጊዜው ተያይዞ ነው እንጂ በሽታው ከመጀመሪያውም እዚሁ ነበር።

"ማሳው ተበልቷል!" ብዬ ጮህኩ።

"ጠርጥሬ ነበር! በግራ በኩል ነዋ?"

"በግራ በኩል። እስከ ሥሩ ተበልቷል።"

"በቃ፣ አሮጌው ከእንግዲህ አይረባም። ቁረጪውና ሌላ ማሳ ስጪው።"

"እሺ፣ ቆርጬ እሰጠዋለሁ። ዛሬውኑ ማለቅ አለበት!"

የአጎቴ መሬት ከአባቴ በስተግራ ነው።

ከኋላ ዕቃ መጫኛው ሽቦና ፒንሳ ላመጣ ሄድኩ። ጨለምለም ብሎ ስለነበር ስፈልግ ቆየሁ። ተመልሼ የሽቦውን አንድ ጫፍ ከመብራቱ ጥቁር ሽቦ ጋር ጠምዝዤ አሰርኩት። ሌላውን ጫፍ ወደ ባትሪው ልወስድ ቀና ስል፣ በአባቴ በኩል ያለው በር ተበርግዶ አየሁ። መቀመጫው ባዶ ነው።

"አባ!"

ጉሙ ድምፄን ዋጠው። ወደ ኋላ ሮጥኩ፤ የለም። ወደ ቦዩ አየሁ፤ የለም። ከቁልቁለቱ የከባድ መኪና ድምፅ ማርሽ እየቀየረ ሲመጣ ሰማሁ። "አባዬ! ባለህበት ቁም!" አልኩ፤ የት እንዳለ እንኳ ሳላውቅ። የሚመጣው ሹፌር የሚያየው አንድ መብራት ነው፤ ሞተር ሳይክል። ሰው ቢኖር የት ሆኖ ያየዋል?

ማብሪያውን አላጠፋሁትም ነበር። አጥፍተሽ ነው የምትነኪው ተብዬ ስንቴ ተነግሮኛል፤ ያን ሰዓት ማን ያስታውሳል። ባዶውን የሽቦ ጫፍ ባትሪው ኔጌቲቭ ላይ ጫንኩትና በአውራ ጣቴ ያዝኩት። መብራቱ መጀመሪያ ሐምራዊ ሆነ፤ ወዲያው ነጭ ሆኖ ጉሙን ሞላው።

አባቴ ከፊታችን፣ አስፋልቱ መሀል ነበር። ወደ ቤቱ የሚሄድ መስሎት ወደ ዲላ ነው የዞረው። ዱላውን አስፋልቱ ላይ እየመታ፣ ካባው ዝናብ ጠግቦ፣ ጠርዙን ይፈልጋል። ከወዲያ በኩል የከባዱ መኪና ፍሬን አንቋረረ። ለምን ያህል ጊዜ እንዳንቋረረ አላውቅም፤ ሲያበቃ የመኪናው አፍንጫ በጉሙ ውስጥ ብቅ ብሎ ቆሞ ነበር፣ ከአባቴ ወዲያ።

ሽቦውን ለቅቄ ሮጥኩ፤ ግራው ጠፋ። ክንዱን ስይዘው አስለቀቀኝ።

"ለማን ነው ቆርጠሽ የሰጠሽው?" አለኝ።

"ምኑን?"

"ማሳዬን! እኔን ሐዋሳ አስተኝታችሁ ልትካፈሉት ነው? ቤትሽ የመጣው ለዚህ ነው?"

ሹፌሩ ወርዶ "ሽማግሌ መንገድ ላይ ትለቂያለሽ? እብድ ነሽ?" እያለ ይጮህብኛል፤ እኔ ግን አባቴን ብቻ ነው የማየው። ነገሩ ሲገባኝ ሳቅ አልመጣልኝም። ተናደድኩ። ከዚያ ደግሞ ውስጤን አመመኝ፤ ይህን ከእኔ እንዴት ይጠብቃል? ለዓይኑ ስሮጥ፣ እሱ ከኋላዬ ቢላ የያዝኩ መስሎት ኖሯል። እየጎተትኩ ወደ መኪናዋ መለስኩት።

ስልኩ አሁንም ባትሪው አጠገብ ይጮሃል፦ "አንቺ! ማሳውን ሰጠሽው ወይስ አልሰጠሽውም?"

አባቴ ወደ ድምፁ ዞሮ በተሰባበረ አማርኛው፣ "አንተ ማነሽ? ማሳ የኔ ነው! ማንም አይሰጥም!" አለ።

"ምን? ማን ነው እሱ?" አለ ኤሌክትሪሺያኑ።

የአባቴን እጅ ይዤ ጥቁሩን ሽቦ አስነካሁት፤ ዝገቱንም እንዲሁ። "ይኸውልህ፣ እነሱ ማሳ የሚሉት ይሄንን ነው። የጣልያን ቃል ነው። የተበላው ይሄ ነው።" ጣቶቹ ሽቦውን ተከትለው እስከ ጫፉ ሄዱ። ዝገቱን በጥፍሩ ፈቀፈቀ፤ አሸተተው።

"የበላው ዝገት ነው?" አለኝ።

"ዝገት ነው፣ አባ።"

"ወንድሜ አይደለም?"

"አጎቴ ቤቴ የመጣው የሐኪሞቹን ወሬ ሊነግረኝ ነው። ዓይንህ እንዲድን ፈልጎ ነው።"

ሽቦውን ከባትሪው ጋር አጥብቄ እስካስር ድረስ ጎኔ ቆሞ ነበር። እኔ አኩርፌ ስለነበር ዲላ እስክንገባ አላናገርኩትም፤ ሁለቱ መብራቶች ግን አልተርገበገቡም።

ሐዋሳ በሰዓቱ ደረስን። ግራ ዓይኑን ገፈፉለት። በማግስቱ ፋሻው ሲነሳ እንባው ይወርድ ስለነበር ገና ጥርት አድርጎ አያይም ነበር፤ ከሰዓት በኋላ ተነስተን ወደ ቤቱ መንገድ ጀመርን።

ወናጎን ካለፍን በኋላ ዞር ብሎ ሲያየኝ ተሰማኝ። መንገዱንም፣ ቡናውንም አይደለም የሚያየው፤ እኔን ነው።

"ሸብተሻል" አለኝ።

"ድሮ ነው የሸበትኩት።"

"አላየሁም ነበር።" ጠጉሬን በጣቱ ነካ አደረገ። "ያን ቀን ድምፅሽን ብቻ ነው የሰማሁት። ፊትሽን ባይ እንዲያ አልልም ነበር።"

ዱመርሶ ስንቃረብ አጎቴ ከመንገዱ ዳር ቆሞ ሲጠብቀን አየሁት። አባቴ ከእኔ ቀድሞ ነው ያየው።

"ወንድሜ ነው፤ አቁሚ" አለኝ። ከዚያ ወደ ዳሽቦርዱ ጎንበስ ብሎ የምታበራውን የፊት መብራት ምልክት በጣቱ አሳየኝ። "ይሄን ደግሞ አጥፊው እንጂ። ገና ቀን እኮ ነው።"